ዱባ የሚያዳምጠው የቀበሌ ጥበቃ

በ1970 ዓ.ም. ቀበሌያችን ግቢ ውስጥ ቦምብ ተወርውሮ የሊቀመንበሩን ዶሮ ገደለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሽሮ ሜዳ ገበያ የሚወጣ ሁሉ እንዲፈተሽ ታዘዘ። ፈታሹ በነጠላው ላይ ካኪ ኮት የደረበ፣ ጠመንጃውን በሲባጎ ያነገተ ጎልማሳ ነበር።

ወይዘሮ ወለተማርያም ዱባ ይዘው ሲመጡ ጆሮውን ዱባው ላይ ለጥፎ አዳመጠ።

«ደሞ ዱባ መቼ ተናግሮ ያውቃል?» አሉት።

«ያኛው ቦምብም ሳይናገር ነው የፈነዳው፣ እማማ።»

ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ተጎተተ። ሊቀመንበሩ ራሱ ከኋላ ቆሞ ስብሰባው አመለጠው፤ ቦምብ ወርዋሪዎቹም ይህን ያህል ይሳካልናል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ከፊቴ የቆመችው ወጣት የጥጥ ቅርጫት ታቅፋለች። ሰውዬው በሙያው ሸማኔ ነውና ቅርጫቱን በእጁ መዘን አደረገው። ጥጥ እንደዚያ አይከብድም። ገለጥ ሲያደርገው በድብቅ የተባዛ የተቃዋሚዎች ወረቀት አየሁ፤ ያን ጊዜ ወረቀት ያስገድላል። እሱ ግን ጥጡን ቀስ ብሎ መልሶ አለበሰውና፣

«ጥጥ ነው፤ እለፊ ልጄ» አላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የያዝኩትን ፓስታ አንድ በአንድ ሲፈትሽ እኩለ ቀን ሆነ።