ሙከራ የመሰለን ስም

ኅዳር 18። ሰይድ ሞቷል።

ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ አሁንም ያላመናችሁ ትኖራላችሁ። እኔም ጠዋት አላመንኩም። ሰይድ ሞቷል። ከውጫሌ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገልብጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ቀባሪው ጀናዛውን ተቀባብሎ ለመሸከም እንኳ አይበቃም ነበር።

ለማታውቁት፦ ሰይድ ሳውዲ ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ በስልኩ ድረ ገጽ መሥራት ተምሮ የተመለሰ የሐይቅ ልጅ ነው። የቅሬያችንን ገጽ የሠራው እሱ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የምንቀባበረው። ሰው ሲሞት የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይማም ስሙን ያስገባል፤ ያኔ የሁላችንም ስልክ ላይ ለቅሶ ቤቱም የቆፋሪ ተራውም ይለወጣል።

"ጋሽ ይማም የሚነኩት ስሙን ብቻ ነው ጋሼ፤ ሌላው እሱን እያየ ራሱ ይለወጣል" ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ገጹ ስህተት ነበረበት። የእኛን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ። ስሙ እስኪደርስ ድረስ ገጹ "ዛሬ ለቅሶ የለም" ይል ነበር። አንድ ጎረቤታችን ይህን አምኖ እርሻው ሄደ፤ የአክስቱ ቀብር አመለጠው። ሰይድ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ ጽሑፉን ቀየረ፦ "ገና እየመጣ ነው፤ ጠብቁ።"

ነገሩ አመል ሆኖበት ቀረ። ያዘዝነው ዓሣ ዘግይቶ ልነሳ ስል፣ "ቁጭ ይበሉ ጋሼ። ያልመጣ ማለት የለም ማለት አይደለም" አለኝ።

ገጹን ሲያስተካክል ለሙከራ የሟች ስም ያስፈልገዋል። በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ መጻፍ ሟርት ነው። የፈጠራ ስም ጻፍ አልኩት።

"ሐይቅ ላይ የማይገኝ ስም የት አለ ጋሼ? አህመድ ብል ስንት አህመድ ይነሳብኛል።"

የራሱን ጻፈ። ስንቴ ሞቶ ስንቴ እንደተነሳ እንጃ። ስሙ ይወጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። መንገድ ላይ ያገኙት "አላህ ይርሐምህ" ይሉታል። እሱም "ተራው ያንተ ነው፤ ዶማህን ሳል" ብሎ ያልፋል።

ዛሬ ጠዋት ስሙ ወጣ። ፈገግ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። እናንተ የቅሬ ሰዎችም እንዲሁ።

ቆይቶ ጋሽ ይማም ደወለ። "የት ናችሁ? ጀናዛው ታጥቦ ተገንዞ ተቀምጧል፤ ቆፋሪ የለም።"

"ሰይድ እየሞከረ መስሎን ነው።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለ። "በዚህ እጄ።"

እየደወልን ያገኘነውን ሰው ሰበሰብን። የቀረው ገበያ ወርዷል፣ እርሻ ላይ ነው፣ ስልኩን አያነሳም።

ከቀብር መልስ እናቱ እትዬ ዘይነብ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። "ልጄ ማንን በድሎ ነው ሰው የቀረበት?"

ስለ ገጹ ላስረዳቸው ጀመርኩ። አልሰሙኝም። "እሱ እኮ ከሰው ቀብር ቀርቶ አያውቅም" አሉ።

ለለቅሶ ቤቱ ስኳር ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ እየመዘነችልኝ ስልኳን አየት አደረገች።

"ሰይድ ዛሬስ ረስቶት ነው መሰል" ብላ ሳቀች። "ከጠዋት ጀምሮ እንደሞተ ነው።"

ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ትቼ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ደጃፏ ላይ ቆሜ ነው። የቅሬ ሰዎች፣ እትዬ ዘይነብ ዘንድ ሂዱ። ለምን እንደቀራችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው። ከእኔ አልተቀበሉም።

ሰይድ፣ ስምህን የሰጠኸን በሌላ ሰው ላይ ላለማሟረት ነበር። እኛ መሳቂያ አደረግነው። ያልመጣ ማለት የለም ማለት አይደለም ትል አልነበር? ለእናትህም እንዲሁ አልኳቸው፤ ሰዉ ገና እየመጣ ነው አልኩ። በሩን እያዩ ትቻቸው ወጣሁ።

ደህና ሁን።