ለባለ ትልቁ ማሲንቆ የነገርሁት ስም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሰቆጣ ጎረቤት ለቅሶ ነበር። ገና ድንኳኑ ውስጥ እግሬን ሳስገባ፣ ሞንታርቦ ተተክሎ ሙሾ ያሰማል። የሟቿ ልጅ ካዲሳባ ቀድቶ ያመጣው ነው። የሴትዮዋ ድምጽ መልካም ነው፣ አልዋሽም። ግን ለማን እንደምታለቅስ አታውቅም። "ወንድሜ ጋሻዬ" ትላለች፤ የሞቱት ደግሞ ሰማንያ ያለፋቸው እናት ናቸው። ብዙም ሳልቀመጥ ተነሥቼ ወጣሁ። የልጅ ልጄ ሃና ተከትላኝ መጣችና "እማማ፣ ምን ሆኑ? ሰው ታዘበዎት እኮ" አለችኝ። ያኔ ነው ይሄን ነገር ያነሣሁላት። አሁን እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እነግራለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ስህተት ካለ የሷ ነው።

የተወለድሁት ከሰቆጣ ወዲያ፣ ተከዜ ዳር ያለው ዝቋላ ነው። ባል አልስማማኝ ሲል አዲሳባ ሄጄ ፈረንጆች ቤት ልጅ ያዥ ሆንሁ። ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ማዳም "ልጁ ያለ አንቺ አይተኛም፤ አንድ ዓመት አብረሽን ነይ" አለችኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ቪየና እሚባል አገር ገባሁ።

ባቡሩ እንደ በሬ ከሰው ጋር በመንገዱ መካከል ይሄዳል። ዳቦው ጥቁር ነው፣ ጎምዘዝ ይላል፤ እሱን ወደድሁት። ያልለመድሁት ወራቱን ነው። እኛ አገር ምድሩ ቢጫ ሲሆን መስቀል ደረሰ፣ እሸት ደረሰ ነው። እዚያ ግን ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ሊሞት ነው። መንገዱ ሁሉ የረገፈ ቅጠል ይሆንና፣ ስትረግጪው ይንኮሻኮሻል።

አሰፋ የሚባል ያገራችን ልጅ እዚያ ይማር ነበር። እሁድ እሁድ እየመጣ ወጥ እሠራለታለሁ፣ እሱ ደግሞ ደብዳቤ ያነብልኛል። አንድ እሁድ ወንድሜ ያስጻፈው ደብዳቤ መጣ። አሰፋ መጀመሪያ ለራሱ በዓይኑ አነበበው። ከዚያ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

"ምን ይላል?" አልሁት።

"ሰላም ናቸው። ነገ መጥቼ ረጋ ብዬ አነብልሻለሁ።"

ለደግ ነገር ነገ እሚል ሰው የለም። "እናቴ ናት?" አልሁት። ቆቡን ከራሱ አወለቀ።

እኛ ዘንድ መርዶ ለብቻ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍሽ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ ነው። አሰፋም ያውቃል፤ "እኔ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም፣ እህቴ፣ ምን ላድርግ" እያለ ቆቡን በእጁ ጨመቀው። አንድ ጊዜ ጮህሁ። ደረቴን መታሁ። ወዲያው ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን በዱላ ደበደበው። ማዳም እየሮጠች መጥታ "ቀስ፣ ቀስ፣ ሰው ይተኛል" አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ያገሩ ሕግ እንዲያ ነው። ጩኸቴን መልሼ ዋጥሁት።

የተዋጠ ለቅሶ እንደ አጥንት ነው፤ አይወርድ፣ አይወጣ። ከሁለት ወር በፊት የሞተች እናቴን ሳላለቅስላት ልጅ አጥባለሁ፣ ድንች እልጣለሁ። አንድ ቀን ስንዴና ባቄላ ፈልጌ ንፍሮ ቀቀልሁ። አብሮኝ የሚዘግን ሰው የለም። እዚያው ምድጃው ፊት ቆሜ፣ እናቴ ማንም ሳያለቅስላት ትቀር ይሆን አልሁ። ወንድሞቼስ አልቅሰዋል። ልጅ ሳለሁ አዝላ ተራራ የወጣችው እኔን ነው፤ የኔ ዕዳ የኔ ነው።

ማዳም መክሳቴን አይታ "ሙዚቃ ሐዘን ያቀላል" ብላ የዘፈን ቤት ወሰደችኝ። ሐዘንተኛ ዘፈን ቤት አይገባም፤ ግን እምቢ ማለት አልቻልሁም። ወርቅ የተቀባ ቤት ነው። ተጫዋቾቹ ነጭ የሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍተው፣ እንደ ድሮ ሹማምንት ለብሰው ይስቃሉ። ሰዉ ፎቶ ያነሣል። እጃቸው ይፈጥናል፣ ዓይናቸው ግን እኛ ላይ ነው። አንዲት ጠብታ አልወጣኝም።

ለአሰፋ ስነግረው ሳቀብኝ። "እሱ እኮ ለአገር ጎብኚ ነው፣ እህቴ። ልብሱን ነው የሸጡልሽ። እውነተኛውን ከፈለግሽ ማደሪያችን አጠገብ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ቀብር በሆነ ቁጥር የሚጫወት ሽማግሌ አለ፣ ሰው የሚያክል ማሲንቆ ይዞ። ከሰዓት ከሰዓት ብቻውን ይለማመዳል።"

በማግስቱ ሌላ ንፍሮ ቀቅዬ፣ በመሐረብ ቋጥሬ ከሱ ጋር ሄድሁ። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ አሰፋ "እዚህ አይወለቅም" አለኝ። አወለቅሁ። የድንጋዩ ብርድ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ሽማግሌው ተቀምጧል፤ ያንን ትልቅ ማሲንቆ በጉልበቶቹ መካከል አቁሞታል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ደጋኑን ሲያነሣ አሰፋን ክንዱን ያዝሁት።

"ሳይጀምር ንገርልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"እናቴን ነዋ።"

እኛ አገር አልቃሽ ስትመጣ መጀመሪያ አንድ ዘመድ ጠጋ ብሎ ይነግራታል፤ ስሟ እገሊት፣ አገሯ እዚህ፣ ሙያዋ ይሄ። ያንን ሳትሰማ አፏን አትከፍትም። ለማን ብላ ትክፈት?

"ተይ፣ እህቴ፣" አለኝ አሰፋ በሹክሹክታ። "እዚህ እንዲህ አይደረግም። ያበደች ይልሻል።"

"ይበለኛ። ያበድሁት እኔ፣ አንተን ምን አገባህ? ስሟ ብርቄ። አገሯ ዝቋላ። ሰባት ወልዳ ሦስት የቀበረች። በድርቁ ዓመት አንዲት የቀረቻትን ፍየል አልሸጥም ብላ፣ ወተቷን ለጎረቤት ሕፃን ያጠጣች። ማሽላ ስትጠብቅ፣ ወፍ ስታባርር ድምጿ ወንዝ የሚሻገር። በል።"

አሰፋ ላብ እያጠመቀው፣ እየተንተባተበ ነገረው። ሽማግሌው ደጋኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረና አንድ ነገር ጠየቀ።

"ምን አለ?"

"ድምጿ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም ይልሻል።"

ከሞተች ወዲህ ስለሷ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ወፍራም" አልሁ። "ከሩቅ ወንድ ትመስል ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። "ብርኬ" አለ፤ አፉ አልቻለውም። "ብርቄ" አልሁት። ደግሞ ሞከረው። ከዚያ ጣቱን ወፍራሙ ጅማት ላይ አኖረና፣ ከታች፣ ከሆድ ጀመረው።

ያንን ድምጽ ላወራው አልችልም። የኛን ዜማ አይመስልም። ግን እየደጋገመ ወደ ታች ይወርድና፣ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ይቆማል። መልስ የሚጠብቅ ይመስላል። ነጠላዬን አጣፋሁና ጠጋ አልሁ። ሙሾዬን አወረድሁት። በኽምጣኛ ነው ያለቀስሁላት፤ እናቴ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። አንዱን ብቻ በአማርኛ አልሁ፣ አሰፋ ይግባው ብዬ፦

አንቺ ስትጠሪኝ ከተከዜ ማዶ፣
እኔን አገኘኝ በሰው አገር መርዶ።

አሰፋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወለል የደበደበ የለም። ሽማግሌው እኔ ስጮህ ዝቅ ይላል፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ይቀበለኛል። ደህና ተቀባይ እንዲያ ነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ስንጨርስ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ካንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተሻግሮ ነበር።

ንፍሮዬን ፈትቼ ሰጠሁት። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ዘገነ። እያላመጠ የተናገረውን አሰፋ ነገረኝ፤ "ዕድሜዬን በሙሉ ለሙታን ተጫውቻለሁ። ስም ይዞልኝ የመጣ ግን የለም።" እጁን ስሜ ወጣሁ። በዚያው ሰሞን ማዳም ወደ አገሬ ሰደደችኝ፤ ተመልሼ አላየሁትም።

ይሄው አርጅቻለሁ። አሁን ለቅሶ ቤት ስሄድ ሁሉም የራሱን ያነሣል፤ እኔም የቤቱን ሟች አልቅሼ ስጨርስ የራሴን አነሣለሁ። እናቴን፣ ወንድሞቼን፣ ኋላ ያገባሁትን የሃናን አያት። ያ ሽማግሌ ያኔ ሰባ ይሆነው ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። አንድ ቀን እሱንም ላነሣው ፈለግሁ። ክፉ ሐዘንተኛ ነበርሁ፤ የራሴን ሬሳ ተሸክሜ ገብቼ፣ እሱን ስምህ ማነው ሳልለው ወጣሁ። ሙያውን አውቃለሁ፣ አገሩን አውቃለሁ፣ የሹራቡን ቀዳዳ ሳይቀር አውቃለሁ። አፌን ከፈትሁና ዝም አልሁ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ደከማት ብለው ውሃ ሰጡኝ።