ገበያ የማይወጡ ሳንቲሞች

ደሳለው ባየህ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከወረታ መገንጠያ እየተነሣ አንድ ጊዜ ወደ መተማ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ሲነዳ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው መሪውን ትቶ ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ። መሬቱ ከከተማው በታች፣ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው። እንደ ጎረቤቶቹ በክረምት ሩዝ፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጓያ ይዘራበታል። አገሬው የሚያውቀው ግን በሩዙ ሳይሆን በሳንቲሞቹ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጅቡቲ ነው። ደሳለው ጭነት እየጠበቀ ሻይ ሲጠጣ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ አንድ መርከበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ አንድ የአገሩን ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ። ባለሻይዋ እዚህ አይሠራም ብላ ለደሳለው ሰጠችው። ገልበጥ ቢያደርገው ፍሬ ከብዶት ጎንበስ ያለ የሩዝ ዘለላ ተቀርጾበታል።

ደሳለው ወዲያው አባቱን አሰበ። አቶ ባየህ ሩዝ ለፎገራ ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ ደፍረው ከዘሩት ጥቂት ገበሬዎች አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰው ስቆባቸዋል፤ ከብት የሚሰማራበትን ረግረግ አርሶ ሣር የሚዘራ ይሏቸው ነበር። ደሳለው ወረታ እንደደረሰ መኪናውን መገንጠያው ላይ አቁሞ በእግሩ ወረደና ሳንቲሙን ሰጣቸው። ሽማግሌው ወደ በራፉ ወጥተው፣ በብርሃን እያገላበጡ ቆዩ።

«ገንዘብ ነው?» አሉት።

«አዎ አባባ፣ የሌላ አገር ገንዘብ ነው።»

«ሰው የሳቀብኝን እህል ሌላው አገር ገንዘቡ ላይ ቀርጾታል በለኛ።»

 ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ሳንቲሙን ማውጣት ልማድ አደረጉት፤ በኋላም ሩዙ ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖ የሳቀው ሁሉ ሲዘራው፣ እሳቸው ሳንቲሟን ማሳየት አልተዉም።

ደሳለው ከዚያ ወዲህ በየኬላውና በየወደቡ ያገኘውን ሾፌር ሁሉ እህል ወይም ከብት ያለበት ሳንቲም እንዲያመጣለት ይጠይቅ ጀመር። ስንዴ ያለበት መጣ፣ በቆሎ ያለበት መጣ፣ ላም ከነጥጃዋ ያለችበትም መጣ። ሰው የቆዩ ጠገራ ብሮች ሊሸጥለት ሲመጣ አይፈልግም ነበር፤ ሥዕሉን ነው የሚወደው። ሚስቱ ገላነሽ የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ናት፤ ገበያ ታውቃለች። ጨው የማይገዛ ገንዘብ ምን ገንዘብ ነው ትለው ነበር፤ ሳንቲሞቹን የሚያስቀምጥበትን ሳጥን ግን ከቦታው ነክታበት አታውቅም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጎንደር ላይ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ፣ በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ያለች ትልቅ ሳንቲም አገኘ። በደርግ ጊዜ ለዓለም አቀፉ የሕፃናት ዓመት መታሰቢያ የወጣች ናት፤ እህልም ከብትም የለባትም፣ ያሉባት ልጆች ናቸው። ስላማረችው በግማሽ ጆንያ ሩዝ ለወጣት።

ሹፍርናውን ከተወ በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ አቶ አድማሴ የሚባሉ የፖስታ ቤት ጡረተኛ ሳንቲም እንደሚሰበስቡ ሰማና ሳጥኑን ታቅፎ ሄደ። አቶ አድማሴ በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ አዩለት። እነዚህ መታሰቢያ ሳንቲሞች ይባላሉ አሉት። አገሮች አንድን ነገር ለመዘከር ያስመቷቸዋል፤ አንዳንዱ ከተራው ሳንቲም ጋር ገበያ ይገባል፣ አንዳንዱ ግን ከመጀመሪያውም ለሰብሳቢ ተብሎ የሚሠራ ነው። ዋጋውን የሚወስነው እርጅናው ሳይሆን ስንት እንደተመታ፣ ከምን ማዕድን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተያዘና ፈላጊ መኖሩ ነው። የደሳለው አብዛኞቹ በብዛት የተመቱ ስለሆኑ ደስ ያሰኛሉ እንጂ ብዙ አያወጡም። ይህን ብለው የሩዟን ሳንቲም አነሡና ፊቷን አተኩረው አዩ።

«በምን አጠብካት?»

«በሎሚና በአመድ፣ ጋሼ። ሁሉንም እንዲያ ነው የማጥባቸው። የአባቴን ደግሞ ካረፉ ወዲህ በየዓመት በዓሉ።»

«እንግዲህ ይቺ ላንተ እንጂ ለሌላ ሰብሳቢ አትሆንም» አሉ አቶ አድማሴ። «የታጠበ ሳንቲም ፊቱ ይፋቃል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ሲመታ የነበረውን መልክ ነው።»

ደሳለው አፈረ። ለአባቱ ክብር ብሎ ያደረገው ሁሉ ጉዳት ሆኖ መገኘቱ ከነከነው። አቶ አድማሴ በመጨረሻ የሕፃናቱን ሳንቲም ሲያዩ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ። እሷ ብር ናት፤ ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ማለታቸው ነው። እንደሷ ያሉ ብዙ የብር ሳንቲሞች አንጥረኛ ቤት ቀልጠው የአንገት መስቀል ሆነዋል፤ እሷ ደግሞ ታሽጋ በመኖሯ የሰው እጅ አልነካትም። እንዳይከፍታት፣ መሸጥ ቢያስብም አስቀድሞ ለእሳቸው እንዲነግራቸው አደራ አሉት።

ደሳለው የሚሸጥበት ምክንያት አልነበረውም። ምክንያቱን ርብ አመጣው። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ በደብረ ታቦር በኩል ነው፤ ፎገራ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ወንዙ ሞልቶ በሜዳው ላይ ተኛ። ደሳለውና ገላነሽ ከብቶቹን ወደ አስፋልቱ ነድተው ከማውጣታቸው የቤቱ አንድ ወገን ሟሙቶ ወደቀ። ሳጥኑ ከነቆጡ ከሥሩ ቀረ።

ውሃው ሲሸሽ ግቢው ደለል ብቻ ነበር። ደሳለው በአካፋ ይዝቃል፣ ገላነሽ ጭቃውን በወንፊት ታጥባለች። ከሳንቲሞቹ ገሚሱ ተገኘ፣ ገሚሱ የገባበት አልታወቀም። የሩዟም አልተገኘችም። ደሳለው አካፋውን አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እስኪመሽ አልተነሣም። ገላነሽ ብቻዋን ስታጥብ ቆየች፤ ሲመሽ ያቺን የሕፃናቱን ሳንቲም ከነማሸጊያዋ አምጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

ከዚያ ያለው የገላነሽ ሥራ ነው። ደሳለው አሁንም ሊያስቀምጣት ይፈልግ ነበር፤ እሷ ግን በዚህ ዓመት የሚያስፈልገን ግድግዳ ነው አለችው። አቶ አድማሴ ተጠርተው ወረታ መጡ፤ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጡ። ሰውየው የጠሩትን ዋጋ ሰምታ ገላነሽ ራሷን ነቀነቀች። ከመምጣቷ በፊት አንጥረኛ ጠይቃ ኖሯል።

«ጌታዬ፣ አንጥረኛው ለማዕድኑ ብቻ ይኸንኑ ያህል ይሰጠኛል» አለች። «እርስዎም ይኸንኑ ከሰጡኝ መታሰቢያነቷ የታለ? ባሌ ሳይከፍታት ጠብቆ የያዘበት ድካምስ?»

አቶ አድማሴ ሳቁ፤ እውነትዎን ነው ብለው ዋጋውን ከፍ አደረጉ። ገንዘቡ ሙሉ ቤት አያሠራም፤ ለመሠረቱ ድንጋይና ለጥቂት ቆርቆሮ ግን በቃ። ቤቱ ከፊተኛው ከፍ ብሎ ቆመ። ያን ቀን ከአቶ አድማሴ ጋር ሲለያዩ ደሳለው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሕር ዳር ሲመጣ ሳንቲሟን እንዲያሳዩት። አቶ አድማሴም እሺ አሉት።

ባለፈው ዓመት ሊያያት ሄደ። አቶ አድማሴ በር ላይ ተቀብለው አስገቡትና ከመቀመጡ በፊት ነገሩት።

«ሸጥኳት፣ ደሳለው። አንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ለምኖኝ ወሰዳት። ላሳይህ ቃል ገብቼ ነበር።»

 ደሳለው በኋላ ለገላነሽ ሲነግራት፣ እናደዳለሁ ብሎ ጠብቆ እንደነበረ፣ ግን የመጣለት ንዴት ሳይሆን የሳንቲሟ ደኅንነት ሐሳብ እንደሆነ ተናግሯል። በደንብ የሚይዛት ሰው እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሰውየው ጥንቁቅ እንደሆነ፣ ከማሸጊያዋ እንደማያወጣት ነገሩት። ይበቃል አለ። ሻይ ጠጥተው ስለ ሩዝ ዋጋ ሲጨዋወቱ ቆዩ፤ ከዚያ አረሙ እየጠበቀው ስለነበር በእኩለ ቀኑ ሚኒባስ ወደ ወረታ ተመለሰ።