ከቤንዛልዴሃይድ እስከ ቀረፋ

የመጨረሻው ዓመት ላይ የመመረቂያ ሥራ በጥንድ ሲደለደል የደረሰችኝ ከአጋሮ የመጣች ልጅ ነበረች። አባቷ ቡና ነጋዴ ናቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲያችን ባለበት ከተማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ስናገረው ግን ይሳቅብኛል። እሷ በአማርኛ የጀመረችውን በኦሮምኛ ትጨርሳለች። በዚህ አልተቸገርንም።

የተሰጠን ሥራ ቀላል የሚባል ነበር። ቤንዛልዴሃይድና አሴቶን የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ይገናኛሉ፤ ሞለኪዩሎቻቸው ተያይዘው አንድ ትልቅ ሞለኪዩል ሲሆኑ ውሃ ይወጣል፤ በመጨረሻ ቢጫ ዱቄት ይገኛል። ኮንደንሴሽን ይሉታል። መጽሐፉ ውስጥ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

እኛ ጋ ግን እምቢ አለ። ፈሳሹ ደብዘዝ ብሎ ይቆይና ከሥሩ ሙጫ የመሰለ ነገር ያስቀራል። አማካሪያችን ዕቃው በደንብ አልታጠበም ይሆናል አሉን። አጥበን ደገምነው፤ ያው ሆነ። እኔ ርዕስ እናስቀይር አልኳት።

«ብናስቀይርም ለምን እምቢ እንዳለ ሳናውቅ ልንመረቅ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የምንጨምረውን ሳይሆን የምንቀዳበትን ማየት ጀመረች። የቤንዛልዴሃይዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ወስዳ ክዳኑን ፈታችው። የተሰበረ የኮክ ፍሬ የመሰለው ሽታው እንዳለ ነው። አንገቱ ላይ ግን ነጭ ነገር ተጋግሮበታል። ፈሳሽ መሆን የሚገባው ነገር ላይ ይህ ከየት መጣ አለችኝ። መልሱ ሲፈለግ አስቸጋሪ አልነበረም፦ ቤንዛልዴሃይድ አየር እየነካው ሲቆይ ወደ አሲድ ይለወጣል፤ ሶዳውን ያ አሲድ ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ ለሥራው የሚተርፍ የለም።

አማካሪያችን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና አሲዱ የሚታጠብበትን መንገድ አሳዩን። አጥበን፣ አጣርተን እንደገና ሞከርን። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲገቡ ፈሳሹ ቢጫ ሆነ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደ አይብ ተቋጠረ። እሷ ማማሰሉን አላቆመችም። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሥራችንን ባቀረብንበት ቀን አባቷ ከአጋሮ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለነበር አንድም ቃል አልገባቸውም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ቀጥ ብለው አዳመጡ። ስንወጣ ቢጫው ዱቄት ያለበትን ብልቃጥ ተቀብለው ወደ ብርሃን አቀኑት፤ በኦሮምኛ መድኃኒት ነው ወይ ብለው ጠየቋት። አይደለም አለች። ይበላል? አይበላም። ምን ሊሠራ ነው ታዲያ አሏት። የፀሐይን ጉዳት ስለሚከላከል ቅባት ውስጥ ይገባል ብላ አስረዳቻቸው።

አባቷ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «ለፀሐይማ የጥላ ዛፍ አለን» አሉኝ።

«እውነትዎን ነው» አልኳቸው። እሷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ብልቃጡን መለሱላትና ምሳ ጋበዙን።

ከተመረቅን በኋላ እኔ ውሃ የሚመረመርበት ላብራቶሪ ገባሁ። እሷ አጋሮ ተመልሳ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። አምና ደውላ ተማሪዎቿ ኮንደንሴሽን ስትላቸው የድስት ክዳን ላይ ጠብታ የሚሆነውን እንፋሎት ብቻ እንደሚያስቡ ነገረችኝ። ሠርታ ልታሳያቸው ፈልጋለች፤ አሴቶን ይገኛል ወይ አለችኝ። እዚህ ከተማችን ሄርማታ ገበያ መዋቢያ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ገዛሁና በሚኒባስ ላክሁላት። ውስጡ ያለው አሴቶን ነው። ቤንዛልዴሃይድ ግን አጣሁ።

«ቀረፋስ?» አለች። የቀረፋ ሽታ የሚመጣው የቤንዛልዴሃይድ ዘመድ ከሆነ ነገር ነው። እሱን ማውጣት አድካሚ ነው፣ የምታገኚውም ትንሽ ነው አልኳት። ሰምታኛለች፤ አልተቀበለችኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቴሌግራም ፎቶ ደረሰኝ። ማጣሪያ ወረቀት ላይ በጣት ጫፍ የሚነሳ ቢጫ ነገር ይታያል፤ ዙሪያውን የተማሪዎች እጅ ሞልቶታል። ጓንት አድርገዋል ወይ ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ መለሰችልኝ፦ «ጓንቱ ለሁሉም አልደረሰም። የነኩት አድርገዋል።»