ትርሲት የመረጠችው ክንፍ

ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ስልክ የሚጠግኑበት ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲያበሩ፣ ከሆዱ የወጣው የተቃጠለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የመጣሁበትን ረስቼ ቆምኩ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ልጄ ትርሲት አሥር ዓመት የሞላት ጊዜ የነበረው የሐምሌ ሙቀት ሽታ ነው።

ያኔ በዚሁ በሰው አገር፣ ባሕሩ ዳር ፈረንሳዮች ቤት እያደርኩ እሠራ ነበር። ስቀጠር ልጅ የለኝም ብዬ ነው የገባሁት፤ ልጅ ያላትን ማን አሳድሮ ያሠራል፣ ሁላችንም የምንለው ያው ነው። ትርሲትን ካርቲየ 7 ቢስ በሚሉት ሰፈር እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ያገሬ ሰው ዘንድ ትቼ፣ የማያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። ሐምሌ ሲሆን ግን ማዳም ልጇን ይዛ አገሯ ትሄዳለች፣ ቤቱ በኔ እጅ ይቀራል፤ ከቀትር በኋላ ዘበኛው ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ እኔ ትርሲትን በኩሽናው በር አስገባታለሁ።

የማዳም ልጅ ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ አውሮፕላን የሚያስነዳ ጨዋታ ነበር። ከመነሳት በፊት ክንፍ ምረጡ ይላል፤ ትርሲት ፈረንሳይኛውን እያነበበች ታስረዳኛለች፣ ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩት እኔ ደግሞ ዶሮ ገበያ የቆምኩ ይመስል ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ አማርጣለሁ። ክንፍ የማውቀው ከዶሮ ነውና አጭርና ሥጋ ያለው የሚመስለውን ያዢ እላታለሁ። ሦስት ማዕዘኑን አልወደውም፣ በላያችን እያለፉ መስኮት የሚያንቀጠቅጡት የጦር አውሮፕላኖች ክንፍ ነው። ቀጭንና ረጅሙን ግን ፈራሁት። ኻምሲን የሚሉት የበጋ ነፋስ የሰፈራችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስድ አይቻለሁ፤ ነፋስ ረጅም ነገር ይወዳል።

እሷ ረጅሙን መረጠች። ሰማይ ከደረሰች በኋላ ሆን ብላ ሞተሩን አጠፋችው። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ማርያምን ስጠራ ትስቅብኛለች።

«እማዬ፣ ያንቺው አጭሩ ሞተር ሲጠፋ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው። ይሄ ግን ቀስ እያለ ያደርሰናል።»

እውነትም ያን ሁሉ ባሕር ያለ ሞተር ተንሳፍፋ ተሻገረችና መሬት ላይ አሳረፈችው።

ማዳም ስትመለስ ልጇ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አውሮፕላኑን ከነትርሲት ስም አገኘው። አልተቆጡም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አልጋ ሳነጥፍ ማዳም ልጅ አስገብቼ እንደነበር ገምታ መጥታ፣ ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ያንቺ ከሆነች አምጫት፣ ጥሩ ትምህርት ቤት አነጋግርላታለሁ አለችኝ። እኔ ወረቀት የለኝም፣ ልጄም የላትም። ውሸቴ ከተገለጠ በዚያው ቀን ከነልጄ ድንበር የሚጥሉን መሰለኝ።

«ልጅ የለኝም፣ ማዳም። የጎረቤት ልጅ ናት፣ አገሯ ገብታለች» አልኳት።

አንሶላውን አጠፍኩ፣ እሷም ወጣች። በዚያው አለቀ።

ዓርብ ዕለት ለትርሲት እንዴት እንዳመለጥኩ እንደ ትልቅ ብልሃት እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ አውሮፕላን የሚል ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። አድጋ አርሂባ ሰፈር ሰው ቤት ገባች፣ እንደኔው መጥረጊያ ያዘች፤ አሥራ ስምንት ሲሆናት ከሌሎች ጋር ወደ የመን በሚሻገረው ጀልባ ልትሄድ ኦቦክ ወረደች። ከዚያ ደወለችና «እማዬ አትፍሪ፣ ባሕሩ ረግቷል» አለችኝ። ድምጿን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ስልኬን የማስጠግነው የሚደውል ኖሮ አይደለም፤ ምናልባት ደወሉ ተበላሽቶ ይሆናል ያልሰማኋት ብዬ እንጂ።

በባሕር የጠፉ ሰዎችን የሚመዘግቡበት ቢሮ እንዳለ ከነገሩኝ ቆይቷል። ቢሮ ስለምፈራ ሳመነታ ከርሜ ባለፈው ሳምንት ሄድኩ። ልጅ እግር ጸሐፊ ናት፣ የትርሲትን ስም ጻፈችና «ምንሽ ናት?» አለችኝ። እንደ ልማዴ የሚሰማ ሰው እንዳለ ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

«ልጄ ናት» አልኩ።

ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንደገና ጠየቀችኝ።