የኦቦ ገመዳ አውራ ጣት

አዳማን ሁላችንም ናዝሬት በምንልበት በደርግ ዘመን የደረሰብኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። በአንድ ወረቀት ግርጌ ያየኋትን ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሰነድ መርማሪ ነበርኩ። ከየቅርንጫፉ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ፊርማውን አያለሁ፤ ልክ ከሆነ «ተመርምሯል» የሚለውን ማኅተም አሳርፋለሁ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ እውነት ይሆናል፤ ዳግመኛ የሚጠይቀው የለም።

ለዚህ ሥራ የበቃሁት ዘግይቼ ነው። እዚያው ግቢ ጽዳት ሠራተኛ ሳለሁ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። በአንድ አግዳሚ ወንበር አብረውኝ የተማሩት የግቢው ዘበኛ ኦቦ ገመዳ ነበሩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ፊደል ሲስቱ ስለማርማቸው «አለቃዬ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ቀን አቧራ በለበሰ የጭነት መኪና ጎን ላይ በጣታቸው ሦስት ጊዜ ጻፉት፤ ሹፌሩንም እንዳያጥበው ለመኑት። ከዚያ ወዲህ ለደመወዝ አሻራ እንዲያደርጉ ቀለም ያቀረበላቸው ሰው ወዮለት። በኋላ መቂ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ሄዱ።

አንድ ቀን ከመቂ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ መጣ፤ ዕቃ ገቢ መሆኑን የሚያረጋግጠው ቅጽ ነው። አራት የውኃ መሳቢያ ሞተር ተረክቤአለሁ ይላል። ቀኑ ልክ፣ ቁጥሩ ልክ። ግርጌው ላይ ግን በፊርማ ፋንታ የኦቦ ገመዳ አሻራ።

«ፈራሚው መጻፍ ይችላሉ፤ በስማቸው ይፈርሙ» ብዬ በቀይ ጽፌ ወደ መዝገብ ቤት መለስኩት። ሰዓት ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።

በሩን ራሱ ዘጋው። አጀማመሩ በቀልድ ነበር።

«ጣት ከፊርማ ያንሳል እንዴ ጓድ? ጣት እኮ አይዋሽም።»

ቀጥሎ ሰነዱ ዛሬውኑ አዲስ አበባ መድረስ እንዳለበት፣ የገበሬው ሥራ በእኔ ቀይ እስክርቢቶ እንደተያዘ፣ ይህም አሻጥር እንደሚባል ነገረኝ። በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚያገኘው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ማኅተሜን ከቢሮዬ አስመጥቶ ፊቴ አስቀመጠው።

ካሳረፍኩ፣ ሞተሮቹ ቢጎድሉ የሚታሰሩት ኦቦ ገመዳ ናቸው። ካላሳረፍኩ እኔ ነኝ። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው፤ ውጭ ጋሪ ሲያልፍ፣ የፈረሱ ኮቴ ሲርቅ ይሰማኛል። ማኅተሙን አንስቼውም ነበር።

ቀና ስል ከሥራ አስኪያጁ ራስ በላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየሁ። እሱ ለኦቦ ገመዳ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ሲሰጥ አብረው የተነሱት ነው።

«ጓድ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ሲመጡ የሚቀመጡት እዚህ አይደል?» አልኩት። «እርስዎ ማንበብ መጻፍ አስተማርናቸው ያሏቸው ሰው በጣት ሲፈርሙ እነሱ ቢያዩ ምን ሊሏቸው ነው?»

ዞሮ ፎቶውን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና በሩን ከፈተልኝ። ያ ሰነድ ተመልሶ አልመጣም። እኔ ግን በወሩ፣ ምክንያቱ ባልተጻፈበት ደብዳቤ፣ መቂ ተዛወርኩ።

ኦቦ ገመዳን እዚያ አገኘኋቸው። ሞተር የሚባል ነገር በዓይናቸው አላዩም። ሁለት ሰዎች የተሞላ ቅጽ ይዘው መጥተው ፈርም ብለዋቸዋል፤ እምቢ የሚባሉ ሰዎች አልነበሩም።

«ስሜን ብጽፍማ አንቺም ማኅተምሽን ታሳርፊ ነበር፣ አለቃዬ» አሉኝ። «አንቺ እንድታዪው ብዬ ነው ለአንድ ቀን መሃይም የሆንኩት።»

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። አንዳንዴ እኮራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሳይጠይቁኝ እዚያ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ስላስገቡኝ እቀየማቸዋለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይህ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ግርጌውን ሳላይ ማኅተም ያሳረፍኩባቸው ቀናት ነበሩ። በእነዚያ ቀናት እንዲህ ጠርቶኝ ያልሰማሁት ሰው ይኖር ይሆን እላለሁ።