እስከ ጁምዓ የታሰሩ ዓይኖች

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው ደብራችን ሲቀድሱ አረጁ። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ቅዳሴውን በቃላቸው ያስኬዱት ነበር፤ ወንጌሉን ግን በቃል ማንበብ አይቻልም። አንድ እሑድ መጽሐፉ ተገልብጦ ቢሰጣቸው እንኳ እንደማያውቁ ገባቸውና ከዚያ ወዲያ ቤት ቀሩ። ቤት መቅረቱ ከዓይናቸው ይልቅ ጎዳቸው። ለወታደር የተወሰደው ወንድሜ ሲመለስ በቅዳሴ ሊቀበሉት ተስለው ነበርና ቸኮሉ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደሴ ሂዱ አላቸው። በዚያ የጦርነት ዘመን ለደሴ መንገድ ማን ዋስ ይሆናል? እሳቸው ዓይን በመርፌ ወደሚያክሙት የወረኢሉ ሸኽ ሰው ላኩ።

ይህን ስናገር የሚገረሙ የከተማ ሰዎች አሉ፤ ቄስ እንዴት ዓይኑን ለሸኽ ይሰጣል ይሉኛል። ወሎን አያውቁትማ። ሸኹ በቢስሚላህ መርፌያቸውን ሲያነሡ አባቴ በስመ አብ ብለው አማተቡ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሸኹ ሙያው ከመምህር ወደ መምህር ሲወርድ እንደደረሳቸው አጫወቱን። ጥንት በባግዳድና በምስር፣ ማለትም በግብጽ፣ ሕሙማን ተኝተው የሚታከሙባቸው ትልልቅ ቤቶች ነበሩ አሉ፤ የዓይን ሐኪሙ ለብቻው፣ አጥንት ጠጋኙም ለብቻው። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ሞራን ከራስ ወደ ዓይን የወረደ ውሃ ነው ይሉት ነበር። አንዱማ ውስጡ ክፍት በሆነ መርፌ እየመጠጠ ያወጣው ነበር አሉ። እሳቸው ዘንድ ሲደርስ መምጠጡ ጠፍቶ መግፋቱ ብቻ ቀረ። አባቴም የተረፈው እኔ ላይ እንዳይጠፋ ብለው ቀለዱ። ከዚያ መርፌው ገባ፤ እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሞራው ወደ ታች ተገፋ። ሸኹ ሁለቱንም ዓይኖች በንጹሕ ጨርቅ አሰሩና ትእዛዛቸውን ሰጡ፦ እስከሚመጣው ጁምዓ በጀርባቸው ይተኙ፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ በርበሬ ቤት ውስጥ አይታመስ። ከሁሉም በላይ አያልቅሱ። ካለቀሱ ሞራው ይመለሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ ሁለተኛ መርፌ የለም።

መርዶው የመጣው በማግሥቱ ነበር። ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ የወግዲ ልጅ በምርኩዝ እየተደገፈ መጥቶ ወንድሜ መሞቱን ለጎረቤት ተናገረ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከጓሮ ተሰብስበው መከሩ፤ የአባቴ ዓይን እስኪጠና ድረስ መርዶው አይነገር፣ ማንም ድምፅ አያሰማ አሉ። እናቴ ሰማቻቸው። ድምፄን ከለከላችሁኝ፣ ነጠላዬን ግን አትከለክሉኝም አለችና እዚያው ቆማ እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እሳቸው አያዩትም ብለው ተዉአት። ሴቶቹም ሁሉ እንደሷ አደረጉ፤ እኔም አደረግሁ።

ስለዚህ ለቅሶው ያለ ድምፅ ተቀመጠ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየገቡ እግዜር ይማርዎ ይላሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው በጨለማው ይንቀጠቀጣሉ። ቤቱ ጢም ብሎ ሰው ሞልቶ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ፈራሁ፤ ከሬሳው ይልቅ ለቀስተኛው ያስፈራ ነበር፤ ሬሳውማ የትም ቀርቷል።

እናቴ ራስጌያቸው ተቀምጣ ሳለች እንባዋ እጃቸው ላይ ጠብ አለ።

«በበጋ ቤቱ ያፈሳል እንዴ?» አሉ።

እናቴ እጃቸውን በነጠላዋ ጠረገች።

ሰኞ ይሁን ማክሰኞ፣ ምሰሶው ሥር ለቆመው ሰው ቦታ ስጡት አሉ። ምሰሶው ሥር ማንም አልነበረም። እናቴ ማንም የለም አለቻቸው። እሳቸው ግን ከሰላምታ በኋላ እንደሚደረገው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፈገግም አሉ። ያን ቀን ሴቶቹ ከምሰሶው ሸሹ፤ ከዚያም በኋላ የሚገባ ሁሉ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። አንዲት ጎረቤታችን ሳታስበው ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደግፋ ነበርና እንደ ተቃጠለ ሰው ብድግ አለች። አባቴ ደግሞ ቀን በቀን ፊታቸውን ወደዚያ እያዞሩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ምን እንደሚሉ ለመስማት ተጠግቼ ነበር። ልጄ፣ እዚያ ብርድ ነው ወይ፣ ምን ትበሉ ነበር፣ ይላሉ። ከዚያ መልሱን የሚሰሙ ይመስል ዝም ይላሉ። ከዚህ በላይ ሳልሰማ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በጁምዓ ሸኹ ስግደታቸውን አድርሰው ከሰዓት በኋላ መጡ። ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ሁሉን ነገሯቸው፤ ሸኹ ራሳቸውን ይዘው ኢናሊላሂ አሉና፣ ዛሬም ማልቀስ የለባቸውም፣ ገና አልጠናም ብለው አስጠነቀቁን። መስኮቱ በትንሹ ተከፈተ። ሁላችንም ከበብናቸው። ይህን ሁሉ ያሰበ መንደር አንዲት ነገር አላሰበም። ሳንታይ መኖሩን ለምደነው ኖሮ የለበስነው ነገር ትዝ ያለው አልነበረም።

ጨርቁ ተፈታ። ሸኹ እጃቸውን ከፍ አድርገው «አብሽሩ፣ ቄሴ፣ ምን ይታይዎታል?» አሏቸው።

አባቴ ዓይናቸውን አርገብግበው እጁን አዩ፣ የሸኹን ጢም አዩ፣ እጁንም ጢሙንም ስም እየጠሩ ነገሯቸው። እልል ልንል ምንም አልቀረንም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። ነጠላዋን አዩት። ቀጥሎ የጎረቤታችንን አዩ፣ ቀጥሎ የኔን። እናቴ እጇ ወደ ጥለቱ ሄደ፣ ግን ምን ዋጋ አለው። ሸኹ ፈጥነው፣ ቄሴ እንዳያለቅሱ፣ አደራ አሏቸው።

አላለቀሱም። ቀና ብለው ምሰሶውን ብዙ ጊዜ አዩት፤ ሥሩንም አዩ። ከዚያ ወድቆ የነበረውን ጨርቅ በዳበሳ ሳይሆን እያዩት አነሡና ለሸኹ አቀበሏቸው።

«ሸኽዬ፣ እስካሁን ይታየኝ ነበር» አሉ። «መልሰው ይሸፍኑልኝ።»